ረቡዕ ሲሆን የሚጠፉት አያቴ

ወይዘሪት ሊንፎርድ መጀመሪያ ቤታችን የመጣች ቀን ወንድሜን ልትበላው ነው ብዬ ነበር።

አትሳቁ። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ገብታ ተቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ከቦርሳዋ ሚዛን አወጣች። ሥጋ ሻጩ ደጃፉ ላይ የሚሰቅለው ዓይነት፣ መንጠቆ ያለው ሚዛን። ከዚያ እናቴን «ሕፃኑን ይስጡኝ» አለቻት፤ እናቴም ሰጠቻት! ታናሽ ወንድሜን አልፊን በሻርፕ ጠቅልላ መንጠቆው ላይ አንጠለጠለችው። አልፊ እግሩን እያወራጨ ይጮሃል፣ እሷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሚዛኑን ታነባለች።

«ትንሽ ይቀልላል» አለች በሐዘን።

እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወንድሜን ያተረፈው ክሳቱ ነው።

ያኔ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። የምንኖረው ለንደን ውስጥ ላምቤዝ በሚባለው ሰፈር፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ቤቶቻችን ጎን ለጎን ተጣብቀው ተሠርተው፣ በሁለት ቤት መሐል ያለው ግድግዳ አንድ ጡብ ብቻ ነበር። ጎረቤት ሲያነጥስ «ይማርዎ» የምንለው እኛ ነን።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ መምጣቷን ቀጠለች። አልፊን መዘና ስትጨርስ ትጠይቃለች። ትናንት ምን በላችሁ? ከትናንት ወዲያስ? ሥጋ ነበረው? ማን ነው የበላው? ዳቦው ላይ ምን ተቀባ? እናቴ ትመልሳለች፣ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እኔ ደግሞ ፊቷን አያለሁ። ቀጭን ናት፤ የጃንጥላ ዘንግ ናት። ካፖርቷ ሁልጊዜ ያው አንዱ ጥቁር ካፖርት ነው። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። እናቴ ሻይና ዳቦ ስታቀርብላት ሻዩን ትወስድና «ዳቦው ይቅርብኝ፣ በልቻለሁ» ትላለች።

እኔም ነገሩ ገባኝ። ጠግቦ የሚያድር ሰው የሌላ ቤት ምሳ አይጠይቅም። ይቺ ሴት ተርባለች። እንዳታፍር ነው እንጂ የምትጠይቀው የምግብ ወሬ እንኳ ሰምታ ለመሄድ ነው። በልቻለሁ ማለቷም የኩራት ነው። እርግጥ እናቴም ማዕድ በቀረበ ቁጥር «እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትል ነበር፤ የእናቴ ግን እውነት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ወይዘሪት ሊንፎርድ ከወንዙ ማዶ፣ ምግብ አብሳይ ባለበት ደህና ቤት ነበር የምትኖረው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ሰዎች «ድሃ የሚቸገረው ማብሰል ስለማያውቅ ነው፤ ያገኘውንም ስለሚጠጣው ነው» ይሉ ነበር። እሷና ጓደኞቿ ደግሞ ይህን ነገር ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማውራት ሄዶ ማየት አይሻልም ወይ አሉና ተነሡ። የሠራተኛው ሰው ቤት በምን እንደሚተዳደር፣ ስንት ሰው በስንት ክፍል እንደሚያድር፣ ሕፃናቱ ለምን እንደማይወፍሩ ከእናቶቹ አፍ ሰምተው ሊጽፉ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ለእኛ መንገድ ያስረዳ ሰው የለም።

የእኛ መንገድ ሴቶች የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። ልብስ በሚያጥቡበት ጓሮ፣ በአረፋው መሐል ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

«ስንት ሰው በስንት ክፍል ትላለች። ይሄ ምን ያደርግላታል?» ትላለች እናቴ።

«የአጥቢያው ሹሞች ናቸው የላኳት እልሻለሁ» ትላለች የግድግዳ ጎረቤታችን ወይዘሮ ቲድማርሽ። ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ እንደ ጋጋሪ የወፈረ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። «በዚያ በላይኛው መንገድ እንዲሁ በፈገግታ ጀምረው አይደል ሽማግሌውን የወሰዱባቸው?»

«እንዲያው ቢወስዷቸው እኔስ...»

«ዋ! ልጅቷ አለች።»

ወደ እጥበታቸው ይመለሳሉ። በሆዴ ግን አንድ ነገር እየተሠራ ነው፤ ሴትዮዋ ሽማግሌ ትወስዳለች ማለት ነው።

ይህን የሚያጠናክር ደግሞ ነበር። ረቡዕ በደረሰ ቁጥር አያቴ ይጠፋሉ። የእናቴ አባት፣ አያቴ ጃቤዝ ኮል፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ባለች አልጋ ነበር የሚያድሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቴምዝ ላይ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ እኛ መጡ። ረቡዕ ጠዋት እናቴ አልጋቸውን ታጥፋለች፣ ኮፍያቸውን ትሰውራለች፣ እሳቸው ፒፓቸውን ይዘው ጓሮ ያለው መጸዳጃ ቤት ገብተው በውስጥ ይቀረቅራሉ። ሴትዮዋ ስትጠይቅ ጭሱ በመዝጊያው ስንጥቅ ይወጣል። አንድ ቀን በመስኮት አይታ «እሳት ተነሣ እንዴ?» ብላ ብድግ ስትል እናቴ «አይደለም፣ ሁሌም እንዲህ ነው» አለቻት። ምስኪኗ ሴት ምን እንዳሰበች እግዚአብሔር ይወቅ።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የሚደበቁት?» አልኳቸው።

አያቴ ወዲያና ወዲህ አዩ። «አንቺ ቁንጫ፣ ለማንም አትንገሪ። ባል ፍለጋ ላይ ናት። ሚስት የሞተበት መልከ መልካም ጀልበኛ እዚህ መኖሩን ካወቀች አለቀልኝ።»

አመንኳቸው። ለምን አላምን? ሁሉም ነገር ገጠመልኛ! ተርባለች፣ የሚያበላት ባል የላትም፣ ሽማግሌ ትወስዳለች። አያቴ ደግሞ ለማግባት አልፈለጉም። ሴትዮዋ ግን አሳዘነችኝ። ባል አላገኘች እንደሆነ እንጀራ እንኳ ለምን ትጣ?

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ልትሄድ ስትነሣ፣ በራፉ ላይ ከእናቴ ጋር ቆማ «እሑድ እሑድስ ምን ትበላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ።

«እሑድ ሥጋ አለ! እሑድ ነይና ከእኛ ጋር እስክትጠግቢ ብዪ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወይዘሪት ሊንፎርድ ፊቷ ቀላ፣ የእናቴ ፊት ነጣ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ወይዘሪት ሊንፎርድ ራሷ ነገረችኝ፤ እምቢ ልትል ነበር፣ ግን የእናቴን ፊት አይታ እምቢ ብል ድህነታቸውን የናቅኩ ይመስላቸዋል ብላ ፈራች። እናቴ ደግሞ «ልጅ ናት፣ አይስሟት» ልትል ነበር፣ ግን የሴትዮዋን ፊት አይታ ገፍትሬ ያስወጣኋት ይመስላታል ብላ ፈራች። እንዲህ ተፈራርተው «ደስ ይለኛል»፣ «እኛንም ደስ ይለናል» ተባባሉ።

በሩ እንደተዘጋ እናቴ ግድግዳውን በጡጫዋ መታች። ወይዘሮ ቲድማርሽን የምትጠራው እንደዚያ ነበር።

«ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ!» አለ ግድግዳው። «እሑድ! የጉድ ቀን! እሑድ እኮ ሁሉም ሰው ቤቱ ነው። አባትሽን የት ትከቻቸዋለሽ?»

«መጸዳጃ ቤት ልክተታቸው? ምሳ ሙሉ? በዚህ ብርድ?»

«ወደኔ ላኪያቸው። ግን በእግዚአብሔር፣ እንዳይናገሩ አድርጊ!»

እሑድ እንደ ሠርግ ቤት ሆንን። ወንበር በጓሮው አጥር ላይ እየተሻገረ መጣ፤ አንዱ ከወይዘሮ ቲድማርሽ፣ ሌላው ከማዶ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ መጣ። የወይዘሮ ቲድማርሽ ሰዓትም መጣ፤ ያ ሰዓት ረቡዕ ረቡዕ ከሴትዮዋ ፊት ፊት እየቀደመ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የከረመ፣ የመንገዳችን ሁሉ ጌጥ ነው። በየቤቱ ሲነቀንቁት ሥራውን ትቶ እንደፈለገው ነበር የሚቆጥረው።

እኔና አባቴ ሥጋውን ድንች ላይ አስቀምጠን ወደ ዳቦ ቤቱ ይዘነው ሄድን። በእኛ መንገድ ሥጋ የሚጠብስ ትልቅ ምድጃ ያለው ሰው ስለሌለ፣ እሑድ የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ የሁላችንን ምሳ ነው የሚጠብሰው። በሰዓቱ ሄደን ትኩሱን ትሪ በጨርቅ ሸፍነን ስንመለስ፣ መንገዱ በሙሉ እንደኛው ትሪ የያዘ ሰው ነው፤ ሽታው ያሰክራል። እናቴ ገና ከበሩ እንደገባን ከሥጋው ቆረሰች፣ ድንች ጨመረች፣ መረቅ አፈሰሰችና ሳህኑን በአጥሩ ላይ ለአያቴ አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ በማርያም ልጅ ይሁንብዎ። ትንፍሽ እንዳይሉ።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው የምናገረው? እበላለሁ እንጂ» አሉ አያቴ።

ከዚያ እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ሲድ የቢራ ጋሪ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፈረስ ጋር ውሎ ማታ ለሰው የሚተርፍ ቃል የለውም። «ስማ ሲድ፣ ዛሬ ታወራለህ። ዝም ካልን የአባባ ሳል በግድግዳ ይሰማል። ምንም ይሁን ምን፣ አፍህ እንዳያርፍ!»

አባቴ እንደ ተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፋ።

ወይዘሪት ሊንፎርድ መጣች። ሰዓቱን ስታይ ትንሽ ፈገግ አለች፤ «የማውቀው ሰዓት ይመስለኛል» ብላ ተቀመጠች። እናቴ ለሁሉም አቀረበች። ለአባቴ ትልቁን፣ ለእንግዳዋ ደህናውን፣ ለእኔ ትንሹን፤ ለራሷ «ሳወጣው ቀምሼ ጠገብኩ» አለችና ቆመች። እንግዳዋ እጇን ከሹካው ላይ አንሥታ እናቴን ረዘም አድርጋ አየቻት። እኔ ግን እንግዳዋን ብቻ ነበር የማየው፤ ስትበላ ለማየት! ስትጎርስ ልቤ ረካ።

ከግድግዳው ወዲያ አያቴ ሳሉ።

እናቴ አባቴን በጫማዋ ነካችው። አባቴ ደንግጦ ጀመረ።

«እ... አንድ ጊዜ... የወንዝ ነገር ላጫውትዎ።»

በእኛ ቤት የሚታወቅ የወንዝ ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአያቴ ነው። ጭጋግ በሸፈነው ጠዋት ብርቱካን የጫነች ጀልባቸው ገመዷን በጥሳ፣ ሰው ሳይኖርባት ብቻዋን በድልድዮቹ ሥር እየሾለከች ወደ ላይ ሄዳ፣ ሊቀ ጳጳሱ ከሚኖሩበት ግቢ ፊት ለፊት ዕርፍ ብላ የተገኘችበት ታሪክ። በየገናው እንሰማዋለን። አባቴም አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ግን እየሰማ ይተኛ ነበር መሰለኝ።

«ሎሚ የጫነች ጀልባ ነበረች» አለ አባቴ።

ግድግዳው በኃይል ሳለ።

«ጓደኛዬ ነው የሚነዳት። እና... ዋፒንግ ላይ ታስራ ሳለ...»

ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ዷ አለ። ማንኪያ ይመስለኛል። ዋፒንግ አልነበረማ፣ ሮዘርሃይዝ ነው! እኔ እንኳ አውቃለሁ። እናቴ በዓይኗ «ቀጥል» ትለዋለች፤ አባቴ ላቡ እየወረደ ቀጠለ።

«ገመዱ ተበጠሰ። ውሃው እየጎደለ ነው። ጀልባዋ ታዲያ በጉድለቱ ተንሳፍፋ ወደ ላይ፣ ወደ ላምቤዝ...»

አሁን እዚህ ላይ ቆም ልበል። የእኛ ወንዝ በቀን ሁለት ጊዜ ሐሳቡን የሚለውጥ ወንዝ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲጎድል ቁልቁል ወደ ባሕር ይመለሳል። እየጎደለ ባለ ውሃ ጀልባ ብቻዋን ሽቅብ ሄደች ማለት ድንጋይ ወደ ሰማይ ወደቀ ማለት ነው። ጀልበኛ ሎሚውን ይችላል። ዋፒንግንም በግድ ይውጠዋል። ይሄን ግን የሚችል ጀልበኛ እስካሁን አልተወለደም።

«እየጎደለ!?» ብሎ ግድግዳው ጮኸ። «እየጎደለ ሽቅብ!? አንተ የፈረስ ጭራ! ውሃው እየሞላ ነበር! እየሞላ!»

ሁላችንም ደረቅን። አልፊ ብቻ ሳቀ።

«ይሄ... ማን ነው?» አለች ወይዘሪት ሊንፎርድ።

«ጎረቤት ነው» አለች እናቴ።

«ወይዘሮ ቲድማርሽ ብቻዬን ነው የምኖረው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«በቀቀኑ ነው እመቤቴ!» አለች ወይዘሮ ቲድማርሽ ከግድግዳው ወዲያ፣ ማር በመሰለ ድምፅ። «የመርከበኛ በቀቀን ነው፣ አፉ አያርፍም!»

«የውሃ ሙላትና ጉድለት የሚለይ በቀቀን?»

«ብልጥ ነው!»

«በቀቀን አያትሽ ትሁን!» አለ በቀቀኑ።

ወንበር ተጎተተ። በር ተከፈተ። የጓሮው አጥር ላይ አንድ ሰው ሲቃትት፣ ወይዘሮ ቲድማርሽም «ይውረዱ! ይወድቃሉ!» ስትል ተሰማ። ከዚያ የኋላ በራችን ተበረገደና አያቴ ገቡ፤ በአንድ እጃቸው ሳህን፣ በሌላው ሹካ፣ ጢማቸው ላይ መረቅ።

«ውሃው እየሞላ ነበር» አሏት ለወይዘሪት ሊንፎርድ በክብር። «ብርቱካን ነው። ሮዘርሃይዝ ነው። ጀልበኛውም እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ከነገሩሽ አትመኚ፣ ልጄ።»

ወይዘሪት ሊንፎርድ ብድግ አለች። እናቴ በሁለቱ መሐል ገባች። እጇን ዘርግታ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«አባቴን አልሰጥም።»

«ምን አሉኝ?»

«አልሰጥም! ከቤቴ አይወጡም። የሚተኙት እዚያች ጥግ ነው፣ ማንንም አያጣብቡም። የሚበሉትም ከእኔ ድርሻ ነው።»

እናቴ አንጀቴን በላችው፤ ግን ትንሽ የጨከነችም መሰለኝ። እንግዳዋ እኮ ሳህኗን እንኳ አልጨረሰችም።

«እማ፣» አልኩ፣ «ከወደደቻቸው ምን አለበት? እዚሁ ይጋቡና አብረውን ይኑሩ።»

«እኔ?» አለች ወይዘሪት ሊንፎርድ። «እኔ እኮ አልፈልጋቸውም!»

«ምን ጎደለኝና?» አሉ አያቴ ተቀይመው።

«ዝም በሉ ሁላችሁም!» አለች እናቴ። «ወደ ድሆች ቤት ልትወስዷቸው አይደለም? ስንት ሰው በስንት ክፍል ያድራል የሚሉን ለዚያ አይደለም?»

የድሆች ቤት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ስሙ በእኛ ቤት አይጠራም። ኋላ ሳድግ አየሁት፤ ረጅም አጥር ያለው ትልቅ የጡብ ሕንፃ፣ መሥራት ያቃተው ሽማግሌ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ከቤተ ሰዎቹ ተለይቶ ሞቱን የሚጠብቅበት። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ያላንቀላፋችው ለዚህ ነበር።

ወይዘሪት ሊንፎርድ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ፣ እኔ ማንንም ወዴትም መውሰድ አልችልም። የአጥቢያ ሰው አይደለሁም። ሴት ነኝ፣ ለምክር ቤት ድምፅ እንኳ የምሰጥበት መብት የለኝም። እኔ...» ብላ ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ቆይ። በዚህ መንገድ ቤት ለቤት ስዞር ከረምኩ። አንድ ሽማግሌ አላየሁም። አንዲት አሮጊት አላየሁም። ሁሉም... ሁሉም እንደ አባትዎ ናቸው?»

ሁላችንም ሳህናችንን አየን። ግድግዳው «እህም» አለ።

«ጓደኞቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው እኮ» አለች፣ እጇን ጉንጯ ላይ ጭና። «በዚያ መንገድ ሰው ለእርጅና አይደርስም፣ ሁሉም በአጭር ይቀጫል አልኳቸው። ተቀምጠን አለቀስን።»

«አለቀሳችሁ?» አለች እናቴ።

«አለቀስን።»

እናቴ ትክ ብላ አየቻት። ሴትዮዋ አሁንም ዓይኗ ረጥቧል። እናቴ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች።

«የአጥቢያ ሹም አያለቅስም» አለች ለራሷ።

መጀመሪያ የፈነዳው አባቴ ነው። የዚያ ዝምተኛ ሰው ሳቅ እንደ ፈረስ ማንኮራፋት ነበር። ቀጥሎ ግድግዳው ሳቀ፤ ወይዘሮ ቲድማርሽ ስትስቅ መደርደሪያችን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እናቴ፣ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ትሳቅ ታልቅስ ሳይለይ። መጨረሻ ላይ ወይዘሪት ሊንፎርድ፣ ባርኔጣዋ እስኪወድቅ ድረስ።

«ለምን በሐዘን ትቀሪያለሽ?» አሉ አያቴ። «ነይ፣ ሙታኑን ላሳይሽ።»

የመንገዱን በር ከፍተው ብቅ አሉ። በቀን ብርሃን ወደ መንገድ ሲወጡ ከመከር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ወይዘሮ ቲድማርሽ ከራሷ በር ላይ ሆና እጇን ባፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች። «አውጧቸው! የአጥቢያው አይደለችም! አውጧቸው!»

መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላ። ከደረጃ ሥር፣ ከከሰል ማስቀመጫ፣ ከጓሮ፣ ከመኝታ ቤት፣ ሽማግሌና አሮጊት ናፕኪን አንገቱ ላይ እንዳለ፣ አጥንት በእጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ከብርሃን እየጋረደ ይወጣል። አሮጊቷ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጋዘርኮል እንኳ ወጣች። ልጇ ለወይዘሪት ሊንፎርድ «እናቴ ነፍሷን ይማረው» ብሎ ስለነበር እንግዳዋ ከንፈሯን መጥጣላት ነበር፤ አሁን አሮጊቷ በራፍ ላይ ቆማ «ማነው እሳት የተነሣበት?» እያለች ታፈጣለች።

ወይዘሪት ሊንፎርድ መንገዱ መሐል ቆመች። ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች። «እንግዲህ ከመጀመሪያው ቤት ልጀምር ነው» አለች፤ እንዲህ ደስ ብሎት ሥራው የፈረሰበት ሰው አይቼ አላውቅም።

አያቴ ግን አልጠበቋትም። ሹካቸውን እንደ በትር ይዘው፣ በዚያ ባልታዘዘ ጉልበታቸው፣ ወደ መንገዱ ጫፍ እየሄዱ ነው፤ ከዚያ ጥግ ወንዙ ይታያል። ውሃው እየሞላ ይሁን እየጎደለ ሊያዩ ነው።

እናቴ በራፋችን ላይ ቆመች። ክረምቱን ሙሉ ስማቸውን ከሹክሹክታ በላይ አውጥታ ጠርታ አታውቅም። አሁን ትንፋሿን ሳበች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ የላምቤዝ ሰው በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች፦

«አባባ! ጃቤዝ ኮል! ቤትዎ ይግቡ፣ ምሳዎ ቀዘቀዘ!»